ጣሪያው ሳያፈስ ኮርኒሱ ለምን ይረጥባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። ቤቱ ብሎኬት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ። ኩሽናው ውስጥ ከኤሌክትሪክ ምጣዱ በላይ ማራገቢያ ያለው የእንፋሎት መሳቢያ አሠርተናል። ቱቦው በኮርኒሱ ውስጥ አልፎ በጣሪያው ይወጣል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። ቆርቆሮ ሠሪ አምጥቼ የቱቦውን ዙሪያ በሲሊኮን አስደፈንኩ። ቀጥሎ ሁለት ቆርቆሮ አስቀየርኩ። አልቆመም። ኅዳር ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ጠዋት ጠዋት ይንጠባጠብ ነበር። አሁን የሻጋታ ሽታ አለው፤ ልጄንም ያስለው ጀምሯል። ወንድሜም ሸዋ ሮቢት ባለው ማረፊያ ቤቱ የኤሲው ቱቦ ኮርኒስ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጻፉት ሁሉ ቁልፉ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «ኅዳር ላይ፣ ዝናብ በሌለበት» ያሉት ላይ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የሚንጠባጠብ ውሃ የጣሪያ ፍሳሽ አይደለም። የሚመጣው ከቤትዎ ውስጥ ነው። ከምጣዱ ላይ የተነሳው እንፋሎት ነው ውሃ ሆኖ የሚመለሰው። ስለዚህ እባክዎን ሦስተኛ ቆርቆሮ አይግዙ። ቱቦውን እንየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ አየር ትንሽ። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ በተን መልክ ይይዛል። ያው አየር ወደ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን መያዝ የሚችለው 7 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የተረፈው የግድ ጤዛ ይሆናል። ጤዛው የሚያርፈው ደግሞ በአካባቢው ከሁሉ የቀዘቀዘው ነገር ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ክረምቱም ርጥበትና ብርድ አንድ ላይ ነው። ኮርኒስና ቆርቆሮ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከደጁ ብርድ ብዙም አይሻልም። የእርስዎ ቱቦ እዚያ ውስጥ ምንም ሳይለብስ የቆመ ይመስለኛል። ከታች ደግሞ የእንጀራ እንፋሎት ይገባበታል።

የእንጀራ እንፋሎት ቀላል ነገር አይምሰልዎ። ሊጡ አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ብቻ ወደ እንፋሎት ቢለወጥ፣ 4 በ5 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል ውስጥ ያለን ፍጹም ደረቅ አየር በ20 ዲግሪ ላይ ሙሉ በሙሉ ለማጥገብ ምንም አይቀረውም። እርስዎ ይህን ሁሉ በአንድ ጠባብ ቱቦ ነው የሚያስወጡት። ቱቦው ባያልብ ነበር የሚገርመኝ።

ማላብ ብቻውን ግን ብልሽት አይደለም። ጤነኛ ቱቦም ብርድ ላይ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ልዩነቱ ያ ውሃ መውጫ ማግኘቱ ላይ ነው። በላላ መጋጠሚያ፣ በዛገ ቀዳዳ ወይም ቱቦው በረገበበት ቦታ ከወጣ ኮርኒሱ ላይ ያርፋል። እርስዎ ያዩት ቡናማ እድፍ ይህ ነው። ቀለሙን የሰጠው ከኩሽናው የተነሳው ቅባትና ዝገት፣ እንዲሁም ውሃው ከችፑዱ ያወጣው ነገር ነው።

አሁን መለየቱን እንጀምር። ማንንም ከመጥራትዎ በፊት ራስዎ የሚያደርጉት ቀላል ፈተና አለ። ዝናብ ባለበት ሰሞን ለሦስት ቀን ያህል እንጀራ አይጋገር፤ ማራገቢያውም አይነሳ። ከቱቦው ሥር፣ ኮርኒሱ ላይ ደረቅ ጋዜጣ ያንጥፉ። ዝናቡ ወርዶ ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ጣሪያው ነፃ ነው። ከዚያ ዝናብ በሌለበት ቀን ይጋግሩና በማግስቱ ጠዋት ይዩት። ከረጠበ ቱቦው ነው። በሁለቱም ከረጠበ ሁለቱም ናቸው ማለት ነው፤ እሱም ያጋጥማል።

የውሃው አወራረድም ይናገራል። የጣሪያ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ከገባበት ቦታ ርቆ ነው የሚታየው። የጣሪያውን ተዳፋትና እንጨቱን ተከትሎ ይሄዳል። የቱቦ ውሃ ግን ቱቦው ዙሪያ ክብ ይሠራል። ውሃው በአንድ ቦታ ሳይሆን በምስማር መስመሮች ሁሉ፣ እዚህም እዚያም ከተንጠባጠበ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ቱቦው ከመጋጠሚያው ተለያይቷል። እንፋሎቱ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ባዶ ቦታ ይነፋል፤ ሌሊት የቆርቆሮው ሆድ በሙሉ ጤዛ ይለብሳል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይዘንባል። ይህን አይናቁት። ማገሩንና ሞራሌውን ቀስ በቀስ የሚያበሰብሰው እሱ ነው።

ቱቦው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ወደ ላይ መውጣት አለ። መጀመሪያ መብራቱን ከብሬከሩ ያጥፉ። ረጥቦ የከረመ ቦታ የኤሌክትሪክ ሽቦም ሊኖረው ይችላል። ችፑዱን አይርገጡ፤ ሞራሌው ላይ ብቻ ይቁሙ። ከተቻለ ቀልጠፍ ያለ ወጣት ይላኩ፣ እርስዎ ከታች ሆነው ይምሩት። ቀዳዳውን ለማግኘት ጨለማ ይሻላል። አንድ ሰው ከታች በመሳቢያው አፍ ባትሪ ያብራ፤ ላይ ያለው ሰው ብርሃን የሚያሾልክበትን እያንዳንዱን ቦታ በጠመኔ ያክብብ። ከዚያ መብራቱን ከፍተው፣ ማራገቢያውን አስነስተው፣ ከመሳቢያው ሥር ዕጣን ያጭሱ። ጭሱ ጣሪያ ውስጥ ከታየ መጋጠሚያው ይተነፍሳል። ጭሱ ጨርሶ ወደ ላይ ካልተሳበ ደግሞ መውጫው ተደፍኗል። ከጣሪያው በላይ በቱቦው ጫፍ ካለው ኮፍያ ሥር ያለው ወንፊት በቅባትና በአቧራ ተለስኖ ወይም ወፍ ጎጆ ሠርቶበት ይሆናል።

ላሜራውን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ከላዩ ካለ ዚንኩ መበላት ጀምሯል ማለት ነው፤ ብረቱ ግን ገና አለ፣ ይጠገናል። ቀይ ዝገት ኖሮ ጣትዎ ሥር ከሰረጎደ ወይም ጠመንጃ መፍቻ ካሳለፈ ያን ክፍል መለጠፍ ከንቱ ነው፤ ይቀየር። እንደ አኮርዲዮን የሚሳብና የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ቱቦ ከተገጠመልዎ ደግሞ እኔ ሳላይ ምክሬ አንድ ነው፤ አውጥተው ይጣሉት። ይቀደዳል፣ ይረግባል፣ በረገበበት ሆዱ ውሃ ያቁራል፣ የተሸበሸበው ግድግዳው ቅባት ይሰበስባል። የሚገጠመው ስለሚመች ብቻ ነው።

ወደ ጥገናው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ኩሽናዎ የውጭ ግድግዳ አለው? ካለው ቱቦውን ከጣሪያው አውጥተው በግድግዳው ቢያስወጡት ምርጫዬ ነው። መንገዱ ያጥራል፣ ብርድ የሚያገኘው ቱቦ ያንሳል፣ ቆርቆሮም አይበሳም። ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ዘቅዘቅ ይበል። ጤዛው ራሱ ደጅ ይወጣል። አፉ ላይ ማራገቢያው ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። ነፋስ በሚበረታበት አቅጣጫ አያዙሩት። ጣርማ በር ወይም አንኮበር የሚኖር አንባቢ ካለ ይህ ለእሱ ግዴታ ነው። እዚያ ጉሙ በነፋስ ተገፍቶ ቀጥታ ወደ ቤት ይገባል።

በጣሪያ መውጣቱ የግድ ከሆነ ግን የሚሠራው እንዲህ ነው። የተበላሸው ክፍል በወፈር ያለ ዚንክ ላሜራ ይቀየር። ስፋቱ በመንገዱ ላይ አይጥበብ፤ ለምጣድ መሳቢያ 15 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ጥሩ ነው። መታጠፊያ በተቻለ መጠን ይቀነስ። እያንዳንዱ መታጠፊያ አየሩን ያዘገየዋል፤ የዘገየ እንፋሎት ደግሞ ቱቦው ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ይቀዘቅዛል።

መጋጠሚያው ላይ ብዙ ቆርቆሮ ሠሪ የሚስተው ነገር አለ። ሥራውን ሲያሠሩ አጠገቡ ቆመው ይዩልኝ። ቆርቆሮ ሲመታ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል፤ ዝናብ ከላይ ስለሚወርድ ትክክል ነው። ሠራተኛው እጁ ይህን ለምዷል። ቱቦውንም እንደዚያው ይገጥመዋል፤ የላይኛውን ቱቦ ከታችኛው ውጭ ያጠልቀዋል። በእንፋሎት ቱቦ ግን ውሃው ያለው ከውስጥ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ ሲወርድ መጋጠሚያው ጋ ይደርሳል፣ ክፍተቱን ያገኛል፣ ወደ ውጭ ይወጣል። መሆን ያለበት ግልብጡ ነው። የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ ይግባ። ያን ጊዜ ጠብታው ከውስጥ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከጣሪያ በላይ ያለው ክፍልስ ዝናብ አይገባበትም ወይ ቢሉ፣ እዚያ ዝናቡን የሚመልሰው ኮፍያውና ቱቦው ላይ እንደ አንገትጌ የሚታሰረው ላሜራ ነው። የእርስዎ ቱቦ በተለመደው መንገድ ተገጥሞ ከሆነ፣ ከውጭ የተቀባው ሲሊኮን ለምን እንዳልጠቀመ አሁን ይገባዎታል።

መደራረቡ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ይሁን። ዙሪያውን እኩል ተራርቀው በሦስት ሪቬት ይታሰሩ። ከዚያ በፊት ግን ቅባቱን በሙቅ ውሃና ሳሙና ማጠብ፣ በደንብም ማድረቅ ያስፈልጋል። ቅባት ላይ ምንም ነገር አይዝም። ክፍተቱን ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይሙሉ፤ ከላዩ የአሉሚኒየም ፕላስተር ይጠቅልሉ። የጨርቅ ፕላስተሩን አይጠቀሙ። በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የተለያዩ ማሸጊያዎችን በሙቀትና በቅዝቃዜ እያፈራረቁ ፈትነው ነበር። በአየር ቱቦ ላይ ቀድሞ የተሸነፈው ለዚሁ ሥራ የሚሸጠው የጨርቅ ፕላስተር ሆኖ ተገኘ። ሙጫው ይደርቃል፣ ይላቀቃል።

ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ውሃው የሚያርፍበት ቦታ ያዘጋጁለት። ካልሆነ ማራገቢያው ሞተር ላይ ወይም እንጀራዎ ላይ ይንጠባጠባል። ከማራገቢያው የሚመጣው ቱቦ ቀጥ ብሎ በሚወጣው ቱቦ ጎን እንዲገባ አድርገው፣ የቀጥተኛውን የታች አፍ ይዝጉትና ከእሱ ቀጭን ጎማ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ወይም ወደ ደጅ ይሳቡ። ትንሽ ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቱቦውን ያልብሱት። ይህ ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ኮርኒሱና ቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍል በሙሉ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው የመስታወት ጥጥ ጠቅልለው፣ ከላዩ አሉሚኒየም ፎይል አድርገው፣ ፎይሉን በፕላስተር ይዝጉ። ቱቦው ሞቆ ከቆየ እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን ደጅ ይደርሳል። ሲሠሩ ጓንትና ማስክ ያድርጉ፤ ጥጡ ቆዳና ሳንባ ይቆጠቁጣል። ከመንዝ የሚመጣ የበግ ሱፍ ርካሽ ነው፣ እሱን ብጠቀምስ የሚሉ ሰዎች አሉ። ሱፍ በእርግጥ ብርድ ይከላከላል። ያልታከመ ከሆነ ግን ብል ይበላዋል፤ የኩሽና ቅባትም ይመጠዋል። እዚህ ቦታ ላይ አልመክረውም።

ምንም የማያስወጣ አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ይጀምሩ። ጋገራው ካለቀ በኋላ ማራገቢያውን ወዲያው አያጥፉት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሥራ፤ ቱቦውን ያደርቀዋል። ሲጋግሩም መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ያድርጉ። የሚወጣው አየር የሚተካው ካላገኘ ማራገቢያው በከንቱ ይጮሃል።

ይህ ወደ ከባዱ ጉዳይ ይወስደኛል። እቤትዎ የእንጨት ምድጃ ወይም ማሞቂያ ካለ ጭሱን ከዚህ ቱቦ ጋር በፍጹም አያገናኙ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ጠንካራ ማራገቢያ አየር ሲያጣ፣ አየሩን የሚስበው ከጭስ ማውጫው ነው፤ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ብርዱ ሲጠና ከሰል ወደ ቤት ማስገባት ደግሞ በእኛ አገር የተለመደ ነው። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ አደጋው ያለፈ ይመስላል። አላለፈም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ማራገቢያ አለን ብላችሁ ከሰል አታሳድሩ። ለእንጨት ጭስ የሚሆን ነጠላ ላሜራ ቱቦም ከማንኛውም እንጨት ቢያንስ 45 ሴንቲሜትር ይራቅ። ከጣሪያው ከወጣበት ቦታ 90 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉም በ60 ሴንቲሜትር ይብለጥ። ኤተርኒት የሚባለው አሮጌ ቱቦ ያለበት ቤት ደግሞ በመጋዝ አይቁረጠው፣ አይሞርደው። አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው።

ስለ ልጅዎ ሳል ሐኪም ይይልኝ። ርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ሳልና አስም እንደሚያባብስ የታወቀ ስለሆነ፣ ለሐኪሙ ስለ ኮርኒሱ ይንገሩት። እስከዚያ ልጁ ከዚያ ክፍል ርቆ ይተኛ። ያበጠውና የሸተተው ችፑድ አይታጠብም፤ ሻጋታው ውስጡ ገብቷል። ከእድፉ ዳር ትንሽ አልፎ ተቆርጦ ይውጣ። ላሜራና ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ያለው ግን በሳሙና ውሃ ታጥቦ ከደረቀ ይጠፋል። ደረቁን በመጥረጊያ አይጥረጉት፤ ዘሩን ቤቱ ውስጥ ይበትነዋል። እርጥብ ጨርቅ ይጠቀሙ፣ ማስክ ያድርጉ፣ በር ይዝጉ። ሻጋታው ከአንድ ሜትር ካሬ በላይ ከሆነ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይስጡት። በረኪና እንጨትና ችፑድ ላይ ቀለሙን ያነጣዋል እንጂ ሥሩን አይነካም። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

አዲሱን ችፑድ ለመምታት አይቸኩሉ። ቱቦው ከተጠገነና ከለበሰ በኋላ ኮርኒሱን ክፍት አድርገው ጥቂት ጊዜ ይጋግሩ። ጠዋት ጠዋት በእጅዎ እየዳሰሱ ይዩት። እንጨቱ ደርቆ፣ ቱቦው ሥር ምንም ሳይኖር ሲቀር ይዝጉት። ለዚህ ሥራ ምርጡ ጊዜ ክረምቱ ሳይገባ ነው። እንጨት የሚደርቀው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። የእሱ ችግር የእርስዎ ግልባጭ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። እዚያ ቱቦው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ አየር ነው፣ ውጭው ሙቀትና ወበቅ። ስለዚህ ጤዛው የሚይዘው የቱቦውን ውጪ ነው። በክረምት፣ አየሩ ሲረጥብ፣ ይብስበታል። የሱ ቱቦ ልባስ አለው መሰለኝ፤ ጉዳዩ ልባሱ መቀደዱ ላይ ነው። የውጩ ፎይል በአይጥ ወይም በሠራተኛ እግር ከተቀደደ ወበቁ ገብቶ ጥጡ ውስጥ ውሃ ይሆናል። የራሰ ጥጥ ብርድ አይከላከልም፤ አይደርቅምም። ያንን ክፍል አውጥቶ አዲስ ያልብስ። ፎይሉ ያለ አንዲት ክፍተት ይታሸግ፤ የእሱ ቤት ላይ ዋናው ይህ ነው። የአየር መጋጠሚያዎቹንም አብሮ ይዝጋ። ቀዝቃዛው አየር በሾለከበት ቦታ ሁሉ በዙሪያው ያለው ይረጥባል፣ የመብራት ሒሳቡም ይጨምራል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ተራ ኤሲ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ይወጡለታል፤ ጥቁር ስፖንጅ የለበሱ ናቸው። ስፖንጁ ፀሐይ ላይ ይፈረካከሳል። መቀየሩ ርካሽ ነው። ከዚያ በፊት ግን የውሃ መውጫዋን ጎማ ይይ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሷ ጋ ነው። በአቧራና በአተላ ትደፈናለች፣ ወይም መሐል ላይ ወደ ላይ ትታጠፋለች። በጎማዋ አፍ ነፍቶ ወይም ውሃ ገፍቶባት ትከፈት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ታች ዘቅዘቅ ብላ ትታሰር። ፊልተሩንም በየወሩ ይጠብ። በተደፈነ ፊልተር የሚሠራ ኤሲ ውስጡ በረዶ ይጋግራል። ሲጠፋ በረዶው ይቀልጥና የውሃ መቀበያ ሳህኑን ሞልቶ በእንግዳው አልጋ ላይ ይወርዳል።